ብቅል በሕፃን አጥሚት ውስጥ? አዎ፣ ግን የጠላው ብቅል አይሁን

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። «የስምንት ወር ልጅ አለችኝ። አጥሚቱን ቀጠን ካላደረግኩት አትውጥም፤ ኪሎዋም ከቆመ ቆይቷል። አማቴ ብቅል ጨምሪበት ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ‹ለሕፃን ብቅል? ጠላ ልታጠጫት ነው እንዴ?› ትለኛለች። ብቅል ለሕፃን አደጋ አለው? ከገበያ የጠላ ብቅል ገዝቼ ብጠቀምስ?»

እህቴ፣ አማትሽ ልክ ናቸው። ብቅል በትክክል ከተሠራ ለሕፃን ምግብ በጣም ይጠቅማል። ጎረቤትሽም ዝም ብላ አልፈራችም፤ የፈራችው ግን የማያስፈራውን ነው። የሚያስፈራውን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ስካሩን እንተወው። ብቅል ተነክሮ፣ በቅሎ፣ ደርቆ የተፈጨ እህል ነው። በውስጡ አልኮል የለም። አልኮል የሚመጣው እርሾ ስኳሩን ሲበላ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ቀናት ያስፈልጋሉ። ጠላ ጥንስሱ፣ ድፍድፉ እየተባለ ስንት ቀን የሚፈጀው ለዚህ ነው። አጥሚት ውስጥ ገብቶ አሥር ደቂቃ ቆይቶ የተፈላ ብቅል አልኮል የሚሆንበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ልጅሽ አትሰክርም።

አሁን ብቅሉ ምን እንደሚሠራ ልንገርሽ፤ ይህን ካላወቅሽ ብትጨምሪውም ላይጠቅምሽ ይችላል።

የማንኛውም እህል ዱቄት አብዛኛው ክፍል ስታርች ነው። ስታርች ከውኃ ጋር ሲበስል ውኃውን ይመጥና ያብጣል። ለዚህ ነው ትንሽ ዱቄት ብዙ ውኃ የሚያወፍረው። እህል ሲበቅል ግን ያጠራቀመውን ስታርች ለቡቃያው ምግብ ማድረግ አለበት። ስለዚህ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያመርታል። ይህ ኢንዛይም ስታርቹን ይቆራርጠዋል። የተቆራረጠ ስታርች ውኃ መያዝ አይችልም፤ ወፍራሙ ገንፎ ይላላል። ጣፈጥ የሚለውም ከፊሉ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ነው።

ዋናው ጉዳይ የልጅሽ ሆድ ነው። የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሰባት ኪሎ የምትመዝን ልጅ ቢበዛ አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 200 ሚሊ ሊትር ያህል ትችላለች። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያለ ልጅ ደግሞ ከጡት ወተት ሌላ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል ከምግብ ማግኘት አለበት። ዘጠኝ ወር ሲሞላው ወደ 300 ያድጋል።

አንቺ ልጅሽ እንድትውጥልሽ ብለሽ አጥሚቱን አቅጥነሻል። በአንድ ብርጭቆ ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ማለትም 15 ግራም ያህል ከገባበት፣ ያ ብርጭቆ የሚሰጣት 50 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ነው። ሆዷ ሞላ፤ ጠግባ ተኛች፤ የበላችው ግን በአብዛኛው ውኃ ነው። በቀን ሦስቴ ብትሰጫትም አይደርስም። ብዙ እናቶች «ልጄ በደንብ ትበላለች፣ ግን አትወፍርም» የሚሉት ነገር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው ያለው።

አሁን በዚያው ብርጭቆ ውኃ አምስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጨምሪ፤ 40 ግራም ይሆናል። ካሎሪው ወደ 140 ይደርሳል። ችግሩ ይህ ገንፎ ሆነ፤ ልጅሽም አትውጠውም። ብቅሉ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ያንን ገንፎ ያላላዋል፤ ካሎሪው ግን አይቀንስም።

ስለዚህ አደራሽን፣ ቀጭኑ አጥሚት ላይ ብቅል አትጨምሪ። እሱን ይብስ ያቀጥነዋል እንጂ ምንም አይጨምርለትም። ብቅል የሚጠቅመው ዱቄቱን እንድታበዢ ስለሚፈቅድልሽ ብቻ ነው። ስለ ብቅል ከሚጠይቁኝ እናቶች ብዙዎቹ ይህንን አይሰሙም፤ ብቅሉን እንደ ቫይታሚን ያዩታል። ታንዛኒያ ውስጥ የበቀለ እህል ዱቄት «ኪሜያ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ለሕፃናት ገንፎ መጠቀም ይቻላል ብለው ያጠኑት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ገንፎው ሳይወፍር ዱቄቱን ማብዛት ይቻላልና።

አሠራሩን በደንብ ልብ በይ። ገንፎውን መጀመሪያ ያለ ብቅል አብስዪው። ማማሰያው እስኪከብድሽ ድረስ ይብሰል፤ ጥሬ ጥሬ እንዳይሸት። ከዚያ ከእሳት አውርጂውና አምስት ደቂቃ ያህል እያማሰልሽ አቀዝቅዢው። እየፈላ ብቅል ብትጨምሪበት ኢንዛይሙ ይሞታል፤ ምንም ለውጥ አታዪም። ኢንዛይሙ በደንብ የሚሠራው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ እንፋሎቱ ገና አለ፣ መፍላቱ ግን ቆሟል፣ ያኔ ማለት ነው። አንዷን የሻይ ማንኪያ ብቅል ጨምሪና አማስዪ። መጀመሪያ ምንም የማይሆን ይመስላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ማማሰያው ቀለል ይልሻል። ቀጥሎ ገንፎው ከድስቱ ግድግዳ መላቀቅ ይጀምራል። ማማሰያውን ብታነሺው ቆርጦ ይወድቅ የነበረው እየተሳበ ይወርዳል። ላዩ ላይ ማብረቅረቅ ይጀምራል። እንደዚያ ካየሽ ብቅልሽ ሥራውን እየሠራ ነው። ካላየሽ ወይ ብቅሉ ሞቷል፣ ወይ ገንፎው በጣም ፈልቶ ወይም በጣም ቀዝቅዞ ነበር።

አሥር ደቂቃ ካቆየሽው በኋላ መልሰሽ እሳት ላይ ጣጂው፤ አምስት ደቂቃ በደንብ ይንተክተክ። ይህንን ፈጽሞ እንዳትዘዪ። አንደኛ፣ ኢንዛይሙ ይቆማል፤ አለበለዚያ እየቀጠነ ይሄዳል። ሁለተኛው ይበልጣል፤ ብቅል የሚሠራው እርጥብና ሞቃት ቦታ ላይ ነው፣ ያ ደግሞ ለጀርምም የሚመች ቦታ ነው። ጥሬ የብቅል ዱቄት ሳይፈላ ለሕፃን አይሰጥም።

ውፍረቱ ማንኪያ ላይ ሲነሣ ቶሎ የማይፈስ ይሁን። በጡጦ የሚጠባ እስኪሆን ድረስ አታቅጥኚው፤ በማንኪያ አብዪያት። የተረፈውን ለማታ አታስቀምጪው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ከቆየ ይደፋ። ባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ መፍላትን የሚቋቋም ዘር ትቶ በተቀመጠ ገንፎ ውስጥ ይራባል።

አሁን ወደ ገበያው ብቅል። ለልጅሽ አትግዢው። ምክንያቶቼ ብዙ ናቸው።

ሰው ለጠላ ብቅል ሲያበቅል እህሉን እንደ ሕፃን ምግብ አይለቅመውም። ጉዳዩ ጌሾ ገብቶበት፣ ተጠንስሶ፣ ተጣርቶ የሚጠጣ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጣው ሜዳ ላይ ነው፤ አቧራው፣ ዶሮው፣ ዝንቡ ያገኘዋል። እርጥቡ ቶሎ ካልደረቀ ይሻግታል። የሻገተ እህል ላይ አፍላቶክሲንና ሌሎች የፈንገስ መርዞች ሊኖሩ ይችላሉ። ልብ በይ፣ መፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ አፍላቶክሲንን አያጠፋም። ስለዚህ «አፈላዋለሁ» ብሎ የሻገተ ብቅል መጠቀም አይቻልም። ሻጋታ የሸተተሽ ወይም አረንጓዴና ጥቁር ነጠብጣብ ያየሽበት ብቅል ይጣላል፤ ለሕፃን ብቻ ሳይሆን ለአዋቂም።

ከገብሱ ጋር የሚመጣም ነገር አለ። እንክርዳድ ታውቂያለሽ። በደንብ ያልተለቀመ ገብስ ውስጥ ከገባ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ዓይን ያጭበረብራል። «ይሄ ጠላ እንክርዳድ አለበት፣ ራሴን አዞረኝ» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ምናልባት የጎረቤትሽ ፍርሃት ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ፍርሃቷ ትክክል ነው። አዋቂን የሚያዞር ነገር ሰባት ኪሎ የምትመዝን ልጅ ላይ ምን እንደሚሆን አስቢው። ሌላው ሲናር የሚባለው አረም ነው። ሲናር በራሱ ብዙም አያስጨንቅም፤ ኧርጎት የሚባል ፈንገስ ሲይዘው ግን አደገኛ ነው። በፍሬው ቦታ ጥቁር፣ ረዘምና ወፈር ያለ ነገር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በወሎ፣ በ2001 ደግሞ በአርሲ ከእህል ጋር ተበልቶ የሰው እጅና እግር አበስብሷል፤ ሕይወትም ጠፍቷል። እናቶቻችን ሰፌድ ይዘው ሰዓታት እህል የሚለቅሙት በከንቱ አይደለም። ማብቀልና ማፍላት ይህንን መርዝ ያጠፋዋል ብለሽ እንዳትተማመኚ፤ መፍትሔው መልቀም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለዘር ተብሎ መድኃኒት የተቀባ እህል በምንም ዓይነት አትጠቀሚ። ብዙውን ጊዜ ቀይ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም አለው። ታጥቦ አይጸዳም። አንዳንድ ሰው «ዘር ስለሆነ በደንብ ይበቅላል» ብሎ ያስባል። ይበቅላል፤ ግን መርዝ ነው።

ታዲያ ራስሽ ቤት ሥሪው። ከባድ አይደለም፤ የሚያስፈልግሽም ትንሽ ነው። ሁለት ብርጭቆ እህል ለሳምንታት ይበቃሻል።

ስንዴ ወይም ዳጉሳ እመርጥልሻለሁ። ገብስም ጥሩ ነው፣ እንዲያውም በኢንዛይም የታወቀው እሱ ነው፤ ግን ገለባው ስለማይለቅ ዱቄቱን በጠባብ ወንፊት ደጋግመሽ መንፋት አለብሽ፤ አለበለዚያ የልጅቷን ጉሮሮ ይቧጥጣል። ማሽላን ለሕፃን ተዪው። የማሽላ ቡቃያ ውስጥ ዱሪን የሚባል ነገር አለ፤ ሲፈርስ ሳያናይድ ይለቃል። ቡቃያውና ሥሩ ከተወገደና በደንብ ከፈላ በጣም ይቀንሳል፤ በየቦታው ለመጠጥ የሚጠቀሙትም በሥርዓቱ ሠርተው ነው። ግን ስንዴ እያለልሽ ለምን ትጨነቂያለሽ?

እህሉን ልቀሚ፤ የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ነቀዝ የበላውን አውጪ። ሦስት አራት ጊዜ እጠቢው። በንጹሕ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ከማታ እስከ ጠዋት ዘፍዝፊው፤ የተንሳፈፈውን ጣዪ። ከዚያ አጥልለሽ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍኚውና ጥላ ቦታ አስቀምጪው። ጠዋትና ማታ አለቅልቂውና አገላብጪው። ለጠላ እንደሚደረገው በኮባ ጠቅልሎ ድንጋይ መጫን አያስፈልግም፤ ታፍኖ ሲሞቅ ይሻግታል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነጫጭ ሥር ይወጣል። ሥሩ የእህሉን ርዝመት ሲያክል ይበቃል። አረንጓዴ ቅጠል እስኪያወጣ አትጠብቂ፤ ምግቡን ሁሉ ቡቃያው ይበላዋል።

ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ስስ አድርገሽ ፀሐይ ላይ አስጪው፤ ላዩን በሻሽ ሸፍኚው። በጥርስ ስትሰብሪው ቀጭ ካለ ደርቋል። ጭስ ላይ አታድርቂው፣ ምጣድ ላይም አትቁዪው። የተቆላ ብቅል ኢንዛይሙ ሞቷል። አሻሮ ለጠላ ቀለምና ጣዕም ይሰጣል እንጂ ገንፎ አያላላም፤ ሁለቱን አታምታቺ። ሲደርቅ በእጅሽ እሺው፤ ሥሩ ይረግፋል። አንፍሰሽ አውጪው፤ ይመራል።

ወፍጮ ቤት አትውሰጂው። ከበርበሬ ቀጥሎ ሊገባልሽ ይችላል፤ ለሁለት ብርጭቆ እህል ደግሞ የሌላ ሰው ዱቄት ይቀላቀልብሻል። በሙቀጫ ወይም በቤት መፍጫ ይበቃል። ንፊው፣ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ አስቀምጪው። በወር ውስጥ የምትጨርሺውን ያህል ብቻ ፍጪ።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለምታነቡ፣ በክረምት ፀሐይ ከሌለ ኦቨኑን 50 ዲግሪ አካባቢ አድርጋችሁ በሩን ትንሽ ከፍታችሁ ማድረቅ ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ ሙቀት አታድርጉ። ሱቅ ውስጥ በማር መልክ የሚሸጠው የብቅል ጭማቂ ለዚህ አይሆንም። እሱ ማጣፈጫ ነው፤ ኢንዛይሙ በአብዛኛው በሙቀት ጠፍቷል።

ስለ ግሉተን፣ ማለትም በስንዴና በገብስ ውስጥ ስላለው ፕሮቲን፣ ላንሣ። ገብስና ስንዴ ግሉተን አላቸው፤ ብቅል ሲሆኑም አይጠፋም። ለአብዛኛው ሕፃን ይህ ችግር አይደለም። ግሉተን ከ4 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ማስጀመር ይቻላል፤ ልጅሽ ደግሞ ቀድሞውንም ስድስት ወር አልፋለች። ቤተሰብ ውስጥ የሴሊያክ ሕመም (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት) ካለ ግን ሐኪም አማክሪና የዳጉሳ ብቅል ተጠቀሚ። የጤፍ ገንፎ ግሉተን የለውም ብለሽ የገብስ ብቅል ከጨመርሽበት ግሉተን ገባበት። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፤ እዚያ ሕጉ ስንዴን በግልጽ እንዲጻፍ ያስገድዳል፣ ገብስን ግን አያስገድድም። እሽጉ ላይ «ማልት» (ብቅል ማለት ነው) ብቻ ተጽፎ ካያችሁ ገብስ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ብዙ የቁርስ ኮርንፍሌክስ ውስጥ አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን ገብስም በስሙ መጻፍ አለበት።

በጠርሙስና በጣሳ የሚሸጠው ማልት መጠጥ ሌላ ነገር ነው። አልኮል የለውም ተብሎ ለልጅ ይሰጣል፤ «ጉልበት ይሰጣል» ይባላል። የሚሰጠው ስኳር ነው፤ ብዙ ጊዜ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም አካባቢ። ሆዷን በጋዝና በስኳር ሞልቶ ምግቡን ያስተዋታል። ለልጅሽ አትስጫት።

ብቅል ዱቄቱን እንድታበዢ ይረዳሻል እንጂ ራሱ ፕሮቲን አይጨምርም። ብረትና ዚንክን የሚይዘውን ፋይቴት የሚባል ነገር በመጠኑ ይቀንሳል፤ ይህ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ስለዚህ ገንፎው ላይ በደንብ የበሰለ እንቁላል ፈጭተሽ ጨምሪ፣ ወይም ከዱቄቱ ጋር የሽምብራ ዱቄት አብስዪ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ 40 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይጨምራል፤ ከሁሉም የሚቀለው መንገድ ይሄ ነው። ማር ግን አንድ ዓመት ሳይሞላት አይሆንም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ ሕመም የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ጡቷንም አታቋርጪባት፤ መጀመሪያ አጥቢያት፣ ከዚያ ገንፎውን።

አሁን ስለ ኪሎዋ። «ከቆመ ቆይቷል» ያልሽው አሳስቦኛል። ብቅል ምግብ ነው፣ ሕክምና አይደለም። ልጅሽን ያቆማት ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ተቅማጥ፣ የጆሮ ሕመም፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የደም ማነስ። እነዚህን ብቅል አይፈታቸውም። ስለዚህ ገንፎውን ዛሬ ጀምሪ፣ ግን በዚህ ሳምንት ውስጥ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። የክብደት ካርዷን ይዘሽ ሂጂ። ክንዷን በቴፕ ይለኩልሽ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወይም እግሯ ካበጠ ያ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፣ ያለ ጤና ባለሙያ ቤት ውስጥ የሚታከም አይደለም። ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነም ክትትል ያስፈልጋታል። ትኩሳት ካላት፣ ጡት እምቢ ካለች ወይም ከፈዘዘች ሳምንቱን አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ውሰጃት።